«ፎርማት ይደረግ» ሲሏችሁ

ቦንጋ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ተደጋግሞ የሚሰማ ችግር አለ፦ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳ ይላል። «አውቶማቲክ ሪፔር» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ያንኑ ያወጣል። ጥገና ቤት ስትወስዱት የሚሰጣችሁ መልስ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ነው።

እባካችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። መብራት ሲቋረጥ ዲስኩ ላይ እየተጻፈ የነበረው ነገር በግማሽ ይቀራል። በአብዛኛው የሚበላሹት ዊንዶውስ ለመነሳት የሚፈልጋቸው ጥቂት ፋይሎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁም የሠርግ ፎቷችሁም ያሉበት ቦታ ላይ ናቸው። እነሱን የሚያጠፋቸው ፎርማቱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይል አውጡ። ዊንዶውስ በተከታታይ መነሳት ሲያቅተው የመጠገኛ ገጹን ራሱ ያመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት እያላችሁ ግቡ። ጥቁሩ ገጽ ላይ ኖትፓድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ኢንተር ንኩ። ኖትፓድ ሲከፈት ፋይል፣ ከዚያ ኦፕን በሉ፤ ከታች «ኦል ፋይልስ» የሚለውን ምረጡ። በዚያች ትንሽ መስኮት ፎልደራችሁን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኮፒ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት ማድረግ ይቻላል። የቅጂውን ሂደት ስለማታሳይ ታገሱ። ሲ የነበረው ድራይቭ እዚህ ዲ ተብሎ ሊመጣ ይችላል፤ አትደንግጡ። ይህን መንገድ የምወደው ምንም ዳውንሎድ ስለማይጠይቅ ነው፤ በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ግን የቢትሎከር ቁልፍ፣ ማለትም 48 አኃዝ ያለው ቁጥር፣ ሊጠይቁ ይችላሉ። ቁጥሩን ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት፤ ያ የሶፍትዌር ችግር አይደለም።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ስታርታፕ ሪፔርን ሞክሩ፣ ቀጥሎ ሲስተም ሪስቶርን። እምቢ ካለ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለው አለ፤ ፕሮግራሞችን ያጠፋል፣ የግል ፋይሎቻችሁን ግን ያስቀራል። ፎርማት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አማርኛ ለምትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ግን ብዙ ቢሮና ጽሕፈት ቤት ዩኒኮድን በማይከተሉ የቆዩ ፎንቶች ሲጽፍ ኖሯል። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ፎንቱ ስለሚጠፋ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆኖ ይከፈታል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ሲመለስ ጽሑፉም ይመለሳል። ስለዚህ ስትቀዱ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንትስ ፎልደርም አብራችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉ።