ሳነቴ ላይ ሞተሩን ማን አነቀው? ከጎባ እስከ ሃረና የካርቡራተርና የማርሚታ ፊዚክስ

ከሮቤ ተነሥቶ ጎባን አልፎ፣ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ በሪራ በኩል ወደ ሃረና ደን የሚወርደውና ደሎ መና የሚደርሰው መንገድ ለፊዚክስ ተማሪ ከቤተ ሙከራ የማያንስ ትምህርት ይሰጣል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከአምባው ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ደርሶ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በአስታና በቀርከሃ መካከል ቁልቁል እየተጠማዘዘ የዱር ቡና ወደሚበቅልበት ደን ይገባል። ደሎ መና ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ 2,800 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ያልፋል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት መካከል የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛውና ነጋዴው በሞተር ብስክሌት ይጓዛሉ። ሞተሮቹ ለኮረኮንችም ለአስፋልትም እንዲሆኑ ተደርገው የተሠሩ፣ ዋጋቸውም ጉልበታቸውም መጠነኛ የሆኑ፣ ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሚደርሱ ናቸው። ጎባ ላይ ደኅና የነበረው ሞተር ዳገቱን ሲጀምር ይደክማል፤ ሳነቴ ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት አምባ ላይ አመሻሽ ላይ የቆመ ሞተር ቀላል ችግር አይደለም።

ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክሮች ይቀርቡለታል። አንደኛው «ካርቡራተሩን ለውጥ» ይላል። ሁለተኛው «ማርሚታውን ክፈተው፣ ይተንፍስ» ይላል። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ። ለመሆኑ ተፈጥሮ የትኛውን ምክር ትደግፋለች? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ለመመለስ እንሞክራለን።

አየሩ እየሳሳ ሲሄድ

አየር ክብደት አለው። ይህንን በተራራ ላይ ለማረጋገጥ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1648 የእኅቱን ባል የሜርኩሪ ባሮሜትር አስይዞ ፒዊ ደ ዶም ወደተባለው ተራራ አወጣው። ከግርጌው እስከ ጫፉ ድረስ የሜርኩሪው ዓምድ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ያው ባሮሜትር ዛሬ በእኛ መንገድ ላይ ቢጓዝ ለውጡ እጅግ የጎላ ይሆናል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር የሚቆመው ሜርኩሪ ደሎ መና ላይ 650፣ ጎባ ላይ 546፣ ሳነቴ ላይ (4,100 ሜትር ብንል) 456 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባሮሜትር የሌለው ሰው ድስቱን ይመልከት፤ ውኃ ጎባ ላይ በ91፣ ሳነቴ ላይ በ86 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላው አልበስል ይላል።

ለሞተር የሚያስፈልገው ግን በተለይ የአየሩ እፍጋት ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለውን እፍጋት 100 ብለን ብንነሣ፣ ደሎ መና 88፣ ጎባ 77፣ ሳነቴ 66 ያህል ይደርሳቸዋል። የዕለቱ ሙቀት እነዚህን ቁጥሮች ጥቂት በመቶ ከፍና ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ አቅጣጫቸውን ግን አይለውጥም።

ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ሲሊንደሩ በአንድ ምጥ የሚስበው የአየር ይዘት (በሊትር) ባይለወጥም፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። ስለዚህ በባሕር ወለል አሥር የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ሳነቴ ላይ ቢበዛ ስድስት ተኩል ያህል ይሰጣል። ይህንን ጉድለት ማንኛውም ካርቡራተር፣ ማንኛውም ማርሚታ ሊመልሰው አይችልም። የሌለ ኦክስጅን አይቃጠልምና።

ካርቡራተሩ ለምን ይሳሳታል?

ሁለተኛው ጉድለት ግን የካርቡራተሩ ነው፤ ይኸኛው ይታረማል። ካርቡራተር የሚሠራው ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ባብራራው መርህ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ የግፊት ልዩነት የተነሣ ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው ጄት በምትባል ትንሽ ቀዳዳ በኩል ተስቦ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ካርቡራተሩ አየሩን አይመዝነውም፤ የሚያውቀው የግፊቱን ልዩነት ብቻ ነው።

አሁን ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እንከተል። ሞተሩ በተመሳሳይ ዙር ሲሠራ በጉሮሮው ውስጥ የሚያልፈው የአየር ፍጥነት ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ፦

ሀ/ የሚገባው የአየር መጠነ ቁስ ከእፍጋቱ ጋር እኩል ይቀንሳል።

ለ/ የግፊቱ ልዩነትም ከእፍጋቱ ጋር እኩል ይቀንሳል።

ሐ/ በጄቷ የሚያልፈው ቤንዚን ግን ከግፊቱ ልዩነት ስኩዌር ሩት ጋር ብቻ ይቀንሳል።

በሌላ አነጋገር አየሩ በፍጥነት ሲቀንስ ቤንዚኑ በዝግታ ይከተለዋል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር ሳነቴ ላይ ሲደርስ አየሩ 66 በመቶ ሆኖ ሳለ ቤንዚኑ 81 በመቶ ላይ ይቀራል። ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚኑ 23 በመቶ ያህል በዛ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ግን ቤንዚኑ ጥቂት ሲበዛ፣ ማለትም ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ ግራም አየር ሲያገኝ ነው። በባሕር ወለል 13 የነበረው ይህ ምጥጥን ጎባ ላይ 11.4፣ ሳነቴ ላይ 10.6 ይደርሳል። ጥቁሩ ጭስ፣ በጥላሸት የተሸፈነው ካንዴላ፣ የሚባክነው ቤንዚን፣ የሚጨምረው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። ሞተሩን ያነቀው የአየር ማነስ ብቻ አይደለም፤ የቤንዚን መብዛትም ነው።

መድኃኒቱም ከዚህ ይከተላል። መለወጥ ያለበት ካርቡራተሩ በሙሉ ሳይሆን ጄቷ ናት። እንዲያውም ጉሮሮው ሰፊ የሆነ ካርቡራተር መግጠም ጉዳት አለው፤ በሰፊ ጉሮሮ ውስጥ የአየሩ ፍጥነት ስለሚቀንስ የግፊቱ ልዩነት ይደክማል፣ በዝቅተኛ ዙርም ቤንዚኑ በደንብ አይበተንም። ዳገት የሚወጣ ጭነት ያለበት ሞተር የሚፈልገው ደግሞ በዝቅተኛ ዙር መታዘዝን ነው።

ለየትኛው ከፍታ እናስተካክል?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። ባለሞተሩ ሳነቴ ላይ በመቸገሩ ጄቷን ለሳነቴ ልክ ቢያሳንስ ምን ይሆናል? አምባው ላይ ሞተሩ ደስ ይለዋል። በሃረና ቁልቁለት ወርዶ መና ሲደርስ ግን አየሩ በሦስተኛ እጅ ይወፍርና ምጥጥኑ ከ13 ወደ 15 ይወጣል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር በሙቅ አገር፣ በሙሉ ጭነት፣ በዚህ ምጥጥን ረጅም ጊዜ ቢሠራ ከልክ በላይ ይግላል። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቃጠል ጥንቃቄው የበለጠ ነው። ዘይቱ አስቀድሞ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚሞላ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። መውጫው ላይ የተገኘው ጥቅም መውረጃው ላይ ሞተሩን ያስከፍላል።

ስሌቱ ግን አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ያሳየናል። በእፍጋት ሲለካ ጎባ በሳነቴና በመና መካከል ላይ ትገኛለች። ጄቷ ለጎባ ከተስተካከለች ሳነቴ ላይ ቤንዚኑ በ7 በመቶ ያህል ይበዛል፤ መና ላይ ደግሞ በዚያው ያህል ያንሳል። ምጥጥኑ ከ12.1 እስከ 14 ባለው ክልል ውስጥ ይቆያል። ይህ ሞተሩ በሰላም የሚሠራበት ክልል ነው።

በተግባር ሲታይ፣ ቁጥሯ በቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚነገር ጄት ለባሕር ወለል 100 ከነበረች ለጎባ 93 ወይም 94 ትሆናለች። የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው በስኩዌር ሩት በመሆኑ ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ስለዚህ ጄትን በሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ልማድ መቅረት አለበት፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጉዳይ በዓይን ግምት አይሠራም። ከለውጡ በኋላ ሞተሩን በጭነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይገባል። ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ መሆን ቤንዚን ማነሱን ይናገራል፤ የተቆላ ቡና የመሰለ ቡናማ ቀለም ትክክለኛው ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአየር ፊልትሮው ይጽዳ። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ራሱ ሌላ ሳነቴ ነው።

ማርሚታውስ?

ስለ ማርሚታ የሚነገረው «ጭሱ በቀላሉ ከወጣ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ነው። በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ሙሉው እውነት ግን ሞገድን ይጨምራል። የጭስ መውጫው ቀዳዳ በተከፈተ ቁጥር የግፊት ሞገድ በቧንቧው ውስጥ ይጓዛል። ጋዙ በጣም የጋለ ስለሆነ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 500 ሜትር ይደርሳል። በደቂቃ 6,000 ዙር በሚሠራ ሞተር አንድ ዙር የሚፈጀው የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞገዱ አምስት ሜትር መጓዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሜትር ገደማ የሆነው ቧንቧ ጫፍ ደርሶ ለመመለስ በቂ ጊዜ አለው።

የባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሚታ መጀመሪያ እየሰፋ ኋላ እየጠበበ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከሚሰፋው ክፍል የሚመለሰው ሞገድ የተቃጠለውን ጋዝ ይስባል፤ ከሚጠበው ክፍል የሚመለሰው ደግሞ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋል። ይህንን ማርሚታ የቆረጠ ወይም የበሳ ሰው በር የሚዘጋለትን ዘበኛ እንዳባረረ ይቆጠራል፤ ሞተሩ በተለይ በመካከለኛ ዙር ይደክማል፣ ቤንዚንም ሳይቃጠል ያመልጣል። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ጉዳቱ ያነሰ ቢሆንም ጥቅሙም ከጥቂት በመቶ የማያልፍና በከፍተኛ ዙር ብቻ የሚገኝ ነው።

የማርሚታው ዋነኛ ሥራ ድምፅን መግደል ነው። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ በገላጣ ሜዳም የሚሰማበት ርቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። በተበሳ ማርሚታ ምክንያት 10 ዴሲቤል ቢጨምር፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይሰማ የነበረው ሞተር ከሦስት ኪሎ ሜትር ወዲያ ይሰማል። ሳነቴ ደግሞ ድምፅ የሚያግድ ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ቀይ ቀበሮዎች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ብርሃን፣ በባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አድብቶ በመጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ፓርክ መካከል የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት በመቶ ጉልበት አገኛለሁ ብሎ የሦስት ኪሎ ሜትር ጸጥታ ማጥፋት የለበትም እንላለን።

ገንዘቡ የት ይዋል?

እስካሁን ከተመለከትነው በመነሣት የወጪውን ቅደም ተከተል እንዲህ እናስቀምጣለን። መጀመሪያ ፊልትሮና ካንዴላ፤ ቀጥሎ ለጎባ ከፍታ የተመጠነች ጄት፤ ሦስተኛ ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊት ጥርስ። 15 ጥርስ ያለውን በ14 መተካት በጎማው ላይ የሚያርፈውን የመጠምዘዝ ጉልበት በ7 በመቶ ያሳድጋል፤ የሚያስከፍለው ዋጋ የከፍተኛ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሃረና ጠመዝማዛ ላይ የማያስፈልግ ነው። አዲስ ካርቡራተርና አዲስ ማርሚታ የመጨረሻውን ቦታ ይይዛሉ፤ አሮጌዎቹ ካልተበላሹ በቀር።

ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚለኩ አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን ግፊት በመሣሪያ ስለሚያውቁ የምጥጥን ስሕተቱን ራሳቸው ያርማሉ፤ የኦክስጅን ማነሱ ግን ይቀራቸዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው ሳነቴን ከመና የማይለየው፤ አየር አይተነፍስምና።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ትተን እንለያችሁ። ከመኖሪያችሁ ተነሥታችሁ ከፍና ዝቅ ባሉ ሦስት ቦታዎች ላይ ውኃ አፍልታችሁ የሚፈላበትን ሙቀት መዝግቡ። ከዚያም የአየሩን ግፊት፣ ከግፊቱ እፍጋቱን፣ ከእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ደግሞ የጄቷን ስፋት አስሉ። ውጤቱን በአካባቢያችሁ ለሚገኝ መካኒክ አሳዩት፤ ካንዴላው ፍርዱን ይስጥ።