የተጎዳ ሰው ካሳና ምስጋና

በጉራጌ አገር የመስቀል በዓል ሲቃረብ፥ በአዲስ አበባና በየከተማው በንግድና በልዩ ልዩ ተግባር ተበትኖ የከረመው የአገሩ ተወላጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ የእስልምና ተከታዩም ወገን በአረፋ እንደዚሁ ያደርጋል። በዚህም ሰሞን ያደረ ቂም ይሻራል፥ የተጣላ ይታረቃል፥ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፥ ዓመቱን በሰላም ያሳለፈ ሁሉ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ይህ ከጥንት የወረደ ልማድ ምስጉን ነው። ዳሩ ግን ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ወልቂጤ፥ 130 ኪሎ ሜትር ያህልም ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች በዚያው ሰሞን በተሽከርካሪ ስለሚጨናነቁ፥ ለደስታ የወጣው መንገደኛ አንዳንድ ጊዜ በቃሬዛ ይገባል። ከዚያም በኋላ የሚከተለው እርቅ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ ለተጎዳው ሰው በሕግ ምን እንደሚገባው መመርመር የተገባ ነው።

ነገሩ በአብዛኛው የሚሄደው እንዲህ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ በመንገድ ዳር ሲሄድ መኪና ይገጨዋል። ባለ መኪናው ወደ ሆስፒታል ያደርሰዋል፥ የመድኃኒቱን ይከፍልለታል፥ ጥቂት ቀን ቆይቶም ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። የተጎዳውም ቤተ ሰብ ሰውየው ሳይሸሽ በመቅረቱ ደስ ብሎት «እግዜር ይስጥልን» ይላል፤ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎም ከእንግዲህ ወዲህ ክርክር እንደሌለው በሚገልጽ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ከዓመት በኋላ እግሩ አልታጠፍ ሲል፥ ሥራውም ከእጁ ሲወጣ፥ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ያ ወረቀት ከፊቱ ይቆማል። ባለ መኪናው ቁስለኛውን በማንሣቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ለደረሰው ጉዳት የሚከፍለው ገንዘብ ግን ዕዳው ነውና እንደ ምጽዋት ሊቈጠር አይገባም። የምጽዋትን ልክ ሰጪው ይወስነዋል፤ የዕዳን ልክ ግን ሕግ ይወስነዋል።

ይህም ሐሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ለካህናት የኦሪት ዘጸአት 21ኛው ምዕራፍ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ በጠብ ተመትቶ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ተነሥቶ ቢመላለስ ስንኳ፥ የመታው ሰው ሥራ የፈታበትን ጊዜ ዋጋ እንዲከፍልና እስኪፈወስ እንዲያሳክመው ያዛል። በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ያልጠበቀውንም ሰው አጥብቆ ይጠይቀዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል በግብጽ አገር በዓረብኛ ያዘጋጀው፥ ኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ሲዳኙበት ኖረዋል።

በጉራጌም ምድር የሰባት ቤት ሕዝብ በጆካ ሸንጎ፥ የክስታኔም ሕዝብ በጎርደና ሸንጎ ሲተዳደር የኖረ ነው፤ በቡታጅራ ዙሪያ ያለው የመስቃን ሕዝብም የራሱ ሴራ አለው። የጆካው ሥርዓት «ቂጫ» የሚባለው በ1990ዎቹ ዓመታት በጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት አማካይነት በመጽሐፍ ታትሟል። በዚህ ሥርዓት ደም ያፈሰሰ ሰው ከተበዳዩ ወገን ጋር በጉርዳ ቃል ኪዳን የሚተሳሰረው ጥፋቱ ከታመነና ካሳው ከተቈረጠ በኋላ ነው። እንግዲህ የአገሩ ሽማግሌ ራሱ ካሳን ከችሮታ ለይቶ ያውቃል ማለት ነው፤ ዛሬ በየመንገዱ ዳር በሚደረገው የችኮላ እርቅ የሚጠፋው ይኸው ልዩነት ነው።

ዳሩ ግን የአባቶች ሥርዓት የተሠራው ሰው ሰውን በእጁና በመሣሪያው በሚጎዳበት ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ፥ ይህ ሠረገላ አንድ ቀን ከጦር ይልቅ ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በጉራጌ አገር ደግሞ መንገዱ ራሱ የሕዝቡ የላብ ፍሬ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ነጋዴውም ገበሬውም ገንዘብ እያዋጣ በመንገድ ሥራ ማኅበር አማካይነት ጥርጊያውን እንዳስወጣ የታወቀ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ዛሬ አውቶቡሱ፥ የጭነት መኪናው፥ ሞተር ብስክሌቱና ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ይተራመሳሉ። መኪና ቂም የለውም፥ አይቈጣም፤ ስለዚህም ማን ክፉ አሰበ ብሎ ለሚጠይቅ ዳኛ መልሱ ይቸግራል።

ለዚህ ችግር መልስ የሰጠው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2081 እንደ ተጻፈው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን ስንኳ ነፃ አይወጣም። የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበር ሲያስረዳ ነው፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከተጎዳው ሰው ከራሱ ጥፋት የመጣ ሲሆንም ኃላፊነቱ በዚያው ልክ ይቀርለታል። «ጥፋት አልሠራሁም» የሚለው ቃል ብቻውን አያድነውም። የኦሪቱ ተዋጊ በሬ በዛሬው ዘመን ጎማ አውጥቷል ማለት ይቻላል።

የካሳውም ልክ ከጉዳቱ ጋር የተካከለ እንዲሆን ሕጉ በቁጥር 2091 ያዛል፤ ወደ ፊት መድረሱ የተረጋገጠውም ጉዳት ጊዜው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይታሰባል። ብዙ ሰው ያልተረዳው ይህን ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር ያገኝ የነበረ ሠራተኛ ከመሥራት ችሎታው 30 በመቶ አጥቷል ብሎ የሐኪሞች ቦርድ ቢመሰክር፥ ገና 20 ዓመት ሊሠራ ይችል እንደ ነበረም ቢረጋገጥ፥ የቀረበት ገቢ በወር 1,800 ብር፥ በዓመት 21,600 ብር፥ በ20 ዓመት 432,000 ብር ይሆናል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልተቻለ እንደ ሆነ ዳኛው በርትዕ ይወስናል። የሆስፒታል ወጪው ከዚህ በላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለመድኃኒትና ለአንድ በግ የሚበቃ ገንዘብ ተቀብሎ ሲያመሰግን ምን ያህል እንደ ቀረበት ሊያውቅ የሚችል አይደለም፤ የሚነግረው ሰው ከአጠገቡ የለምና።

ሕጉም ቢሆን ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ለኅሊና ጉዳት፥ ማለት ለሕመሙና ለኀዘኑ፥ የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ሲመነዘር ይህ ገንዘብ የተከበረ ነበር። ልጇን በመንገድ ላይ ያጣች እናት ኀዘን በዛሬው ገበያ በዚሁ ዋጋ ሲተመን ግን ችሎቱ ራሱ የሚያፍር ይመስላል፤ ሕግ አውጪዎች ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

ባለ መኪናው ድኻ ቢሆንስ? እንግሊዞች በ1930 እ.ኤ.አ. ለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ እንዲሆን የደነገጉት ይህን አስበው ነው፤ በኢትዮጵያም በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፥ ኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተደነገገ። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት ወይም አካል ጉዳት የሚከፍለው ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ፥ ለአስቸኳይ ሕክምናም እስከ 2,000 ብር እንዲሆን ወስኖ ነበር። መኪናው መድን ባይኖረው፥ ወይም ገጭቶ አምልጦ ማንነቱ ባይታወቅ፥ የተጎዳው ሰው ካሳ የሚያገኝበት የመድን ፈንድም ተቋቁሟል። ነገር ግን የመድኑ ገንዘብ ሲከፈል ጉዳዩ የተዘጋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። መድን ሰጪው እስከ ተወሰነበት ልክ ይከፍላል፤ ጉዳቱ ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ ትርፉን ባለ መኪናው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ይጠየቅበታል።

ሰው የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ካሳውን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። በብዙ ስፍራ ገንዘቡ ለወገን አለቆችና ለቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይሰጥና መበለቲቱ የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ሕጉ ግን በቁጥር 2095 የሟቹ ሚስት ወይም ባል፥ ወላጆችና ልጆች የቀረባቸውን መተዳደሪያ ራሳቸው እንዲጠይቁ ፈቅዷል። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ውርድወት ስለ ሴቶች መብት በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የተከራከረችበት አገር፥ መበለት ስለ ባሏ ደም በምትነጋገርበት ቦታ እንድትቀመጥ ቢያደርግ ለራሱ ታሪክ የሚስማማ ነው።

ሌላው የሚጎዳው ጊዜ ነው። በቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ነገሩ በወንጀል የሚያስቀጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም እንደ ሆነ ብቻ በረጅሙ ይታሰባል። ብዙ ባለ ጉዳይ ግን የሾፌሩ የወንጀል ክስ እስኪያልቅ ሲጠብቅ ይከርማል፤ ሾፌሩ በነፃ ሲለቀቅም ካሳው አብሮ የቀረ መስሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ስሕተት ነው። በቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ሾፌሩን በነፃ ማሰናበቱ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስርም፤ ባለ መኪናውም ያለ ጥፋት ኃላፊ መሆኑ ከላይ ተነግሯል።

እርቁስ? በቁጥር 3312 የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቈጠራል። በሽማግሌ ፊት ያለ ማስተዋል የሚፈረም አንድ ገጽ ወረቀት የብዙ ዳኞችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በሌላው በኩል ሾፌሩ ከታረቀ ከእስር የሚፈታ ይመስለዋል፤ የሰው ሕይወት ባለፈበት ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ በእርቁ አይታሰርም።

በእነዚህ ከተሞች ለተጎዳ ሰው የሚቆም ጠበቃ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ብቻውን የሚሠራ ነው። በፌደራል ደረጃ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የተፈቀደው በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድኾች በነፃ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር፤ ይህ ልማድ በየከተማው ቢጸና መልካም ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለውም ሰው በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በድኻ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ የተፈረደለት ባላገር ለጠበቃው ማር ወይም ቅቤ ይዞ ምስጋና ለማቅረብ ሲመጣ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ጠበቃው ግን ያስገኘለት የራሱን ገንዘብ መሆኑን ቢነግረው የበለጠ ያስተምረዋል።

ማስረጃን መያዝ ከሁሉ ይቀድማል። በ2015 ዓ.ም. የማእከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤም የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ስለዚህ ባለ ጉዳዩ ፖሊሱንም ሐኪሙንም ዳኛውንም በቅርብ ያገኛል። ይልቁንም ቡታጅራ በመዝገብ አያያዝ በሐኪሞች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው፤ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን አገር ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን በየቤቱ ሲመዘግብ ቆይቷል። የሕዝብ ሞት እንዲህ በጥንቃቄ በተቈጠረበት አገር የአንድ ቁስለኛ የሕክምና ወረቀት በኪሱ ተጣጥፎ ሲጠፋ ያሳዝናል።

ስለዚህ ለእርቅ የሚጠሩት ካህናትና በአካባቢው የተሾሙት ሹማምንት የእርቁ ወረቀት ሲጻፍ የሚጠይቁት ነገር አለ። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን አንሥቷልን? የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የመድን ሰጪው ስም ተጽፏልን? የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን ልክ በመቶኛ ሳይወስን የመጨረሻ እርቅ ከመፈረም ይልቅ፥ በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ለሕክምና የተከፈለ መሆኑና ከካሳው የሚታሰብ መሆኑ ብቻ ይጻፍ። የተጎዳው ሰው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ ወረቀቱ በሚያውቀው ቋንቋ ይነበብለት፤ ቀኑም በግልጽ ይጻፍ። አንድ ቅጂው ከባለ መኪናው ጋር፥ አንዱ ከተጎዳው ሰው ጋር፥ ሦስተኛው ለታማኝነቱ ከንስሐ አባቱ ወይም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ለአደጋው ሁለተኛው መስቀል ከመድረሱ በፊትም ተወጥቶ ይታይ።