ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ለምን ሰው አልቀበልም ይላል?

ሜሞሪው ሰፊ ነው፣ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈቷል፤ ሰርቨሩ ግን አዲስ ተጠቃሚ አላስገባም አለ። ምን ነካው?

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ከርነሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፋይል ዲስክሪፕተር ይባላል። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ስታስቀምጡ እንደሚሰጣችሁ ቁጥር አስቡት፦ ስትወጡ ትመልሱታላችሁ። የሚገርመው፣ የኔትወርክ ግንኙነትም ቁጥር ይወስዳል። የተለመደው መነሻ ገደብ ደግሞ 1024 ብቻ ነው።

ገደቡን ማሳደግ ይቻላል። ሰርቨሩን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ከሆነ በአገልግሎቱ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ነው የሚጻፈው (ተርሚናል ላይ ቀይሬ «ለምን አልሠራም?» እያልኩ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ)። ግን መጀመሪያ የተያዙትን ቁጥሮች ቁጠሩ። ተጠቃሚ ሲቀንስ አብረው ከቀነሱ፣ ገደቡ ጠቦ ነው። ሌሊት ሁሉም ከወጣ በኋላም ካልቀነሱ ግን ፕሮግራሙ የከፈተውን አይዘጋም ማለት ነው፤ 65536 ብትሰጡትም ይጨርሰዋል፣ ትንሽ ቆይቶ።