የአሸዋው ጽዳት ሠራተኞች ምን ይበላሉ?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት የጨው ውኃ አኳሪየም፣ መሐሉ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለው ነጣ ያለ ዓሣ። ዓሣው አሸዋውን አፉ ሙሉ ይጎርሳል፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በስንጥቡ በኩል እንደ ወንፊት ያንጠባጥበዋል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። አሸዋው ደግሞ ዛሬ ከከረጢት የወጣ ይመስላል። ይህን ያየ ሰው "አንድ ገዝቼ ከጽዳት ልገላገል" ቢል አይፈረድበትም።

ዓሣው ዳይመንድ ጎቢ ይባላል። ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ይኖራል፤ በአንድ በኩል ጎረቤታችን ነው። አሸዋ ማጽዳቱም እውነት ነው። ግን የሚጎርሰው ለእኛ ብሎ አይደለም። አሸዋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎችንና በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ነፍሳትን እየለቀመ ነው። ምሳውን እየበላ ነው በቃ። ምሳው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ግን 30 ሰከንዱ ቪዲዮ ውስጥ የለም።

እኛ ሀገር ካፌና ሆቴል ውስጥ የለመድነው ጎልድፊሽ የሚዋኝበትን የተራ ውኃ አኳሪየም ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ኪሳችሁን የሚነካው በተለይ ዱባይ፣ ዶሃ ወይም አሜሪካ ያላችሁትን ነው። ሌሎቻችን ግን ቪዲዮውን ስናይ ምን እያየን እንደሆነ ብናውቅ አይከፋም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ አኳሪየም ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ በጀት ነው። ባሕር ላይ ማዕበል ምግብ ያመጣል፣ ምግብ ያለቀበትም እንስሳ ተነሥቶ ይሄዳል። አኳሪየም ግን ዝግ ኢኮኖሚ ነው። የሚገባው ባለቤቱ የጣለው ምግብ ብቻ ነው፤ ስደት የሚባል ነገር የለም። አሸዋው ውስጥ ያለው ነፍሳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚራባ ካፒታል ነው። ከወለዱ በላይ ከበላችሁት ዋናው ያልቃል።

ይህ በግልጽ የሚታየው አሸዋ አበጣሪ በሚባለው የባሕር ኮከብ ላይ ነው። አምስት ክንድ አለው፣ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይሄዳል፣ ሱቅ ውስጥ "አሸዋ ያጸዳል" ተብሎ ይሸጣል። የሚበላው ግን ቆሻሻውን ሳይሆን ቆሻሻውን የሚበሉትን ነው። ትሎቹን፣ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎቹን፣ ያገኘውን ሁሉ። የጽዳት ክፍሉን ሠራተኞች የሚበላ አለቃ ቀጠራችሁ ማለት ነው። 200 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ አሸዋውን በጥቂት ወራት አራቁቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ ክንዱ ጫፉ ላይ መመንመን ይጀምራል፣ ተቀብሮ ስለሚኖርም መሞቱ ቶሎ አይታወቅም። ብዙ ሰው "በሽታ ነው" ይላል። ረሃብ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ እንስሳ ለመኖሪያ ቤት አኳሪየም ባይሸጥ ይሻላል። አብዛኞቹ የባሕር እንስሳት እርባታ ጣቢያ ውስጥ አልተፈለፈሉም፣ ከባሕር ተለቅመው የመጡ ናቸው፤ አንዱ ሲሞት ሌላ መግዛት ማለት አንድ ተጨማሪ ከባሕር ይነሣ ማለት ነው።

ሻጩስ ምን ይላል? ለረጅም ጊዜ የተለመደ አንድ ስሌት አለ፤ ለአንድ ጋሎን አንድ እንስሳ። ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ለ200 ሊትር ከ50 በላይ ቀንድ አውጣና ሸርጣን በጥቅል ይሸጡላችኋል። ልብ በሉ፣ ስሌቱ የውኃውን መጠን ነው የሚቆጥረው። እነሱ ግን ውኃ አይበሉም። ገና ሁለት ወር ያልሞላው አኳሪየም ውስጥ 50 አፍ ማስገባት፣ ገበያው ሳይቆም 50 ሱቅ መክፈት ነው። ማን ያተርፋል ብትሉ፣ ጥቅሉን የሸጠው።

እኔ ብጠየቅ በጥቂቱ ጀምሩ እላለሁ። መጀመሪያ ናሳሪየስ የሚባለው ቀንድ አውጣ፣ አምስት ያህል። ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል፤ ውጭ የሚታየው እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለች ቀጭን መተንፈሻው ብቻ ናት። የምግብ ሽታ ሲደርሰው አሸዋውን ሰንጥቆ ይወጣል። ሲገባና ሲወጣ አሸዋውን ያላውሰዋል። የሚበላው የተረፈ ሥጋና የዓሣ ምግብ ነው፤ አልጌ አይነካም። አልጌ ያጸዳልኛል ብላችሁ ከገዛችሁት ተሳስታችኋል።

አልጌውን ለሴሪት ስጡት። ዛጎሉ ረዘም ሾል ያለ ነው፣ አሸዋም ድንጋይም መስታወትም ላይ ይሠራል፣ ቢገለበጥ ራሱን ያቃናል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ተርቦ የሚባለው ትልቁ ቀንድ አውጣ አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀና የሚያቃናው ካላገኘ እዚያው ሊሞት ይችላል። ሴሪት ማንም ቪዲዮ የማይሠራለት፣ ግን ደመወዙን የሚያገኝ ሠራተኛ ነው።

ሰፊ ባዶ አሸዋ ካላችሁና አኳሪየሙ ወራት ካስቆጠረ አንድ ኮንች ጨምሩ። አንድ ብቻ። ዓይኖቹ ዘንግ ላይ የተቀመጡ፣ በረጅም አፉ የአሸዋውን ገጽ እየጠረገ የሚሄድ ቀንድ አውጣ ነው። አንዱ ዝርያ "ተዋጊ ኮንች" መባሉ አያስፈራችሁ፣ አኳሪየም ውስጥ ሰላማዊ ነው።

ባዶ ዛጎል ተከራይቶ የሚኖረው ሄርሚት ሸርጣን ጠንካራ ሠራተኛ ነው፤ ግን ቤት ሲጠብበው ቀንድ አውጣውን ገድሎ ዛጎሉን ይወርሳል። ከያዛችሁት ትርፍ ዛጎሎች ጣሉለት። የባሕር ኪያር የሚባለው ለስላሳ ፍጥረት አሸዋውን ውጦ አጽድቶ ያወጣዋል፣ ሥራው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ፓምፕ ከጎተተው ወይም ከሞተ ዓሣዎቹን ሊገድል የሚችል መርዝ ይለቃል። ለጀማሪ አልመክረውም። ዳይመንድ ጎቢውን የግድ ካላችሁ ደግሞ በቀን ደጋግማችሁ በእጅ መመገብ አለባችሁ፣ ክዳንም ያስፈልጋል። ይዘላል።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ከእነዚህ ውስጥ ቆሻሻ ከቤት የሚያወጣ አንድም የለም። የበላው መልሶ ኩስ ይሆናል፣ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ከዚያም ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ናይትሬቱ ውኃው ውስጥ ይቀመጣል። ከቤት የሚያወጣው ባልዲና ቱቦ የያዘው ሰው ነው። አዲስ አኳሪየም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ አቧራ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ ለእሱ ብላችሁ ምንም አትግዙ። እንደ ቆዳ የተነጠፈ ቀይ አተላ ካያችሁ ግን ቀንድ አውጣ አይፈታውም። ምግብ አብዝታችኋል ወይም የውኃው ዝውውር ደካማ ነው።

ከድንጋይ ጋር ተደብቀው የሚመጡ ባለ ፀጉር ትሎችም አሉ። ሰው ሲያያቸው ይደነግጣል፣ ይገድላቸዋል። አብዛኞቹ የተረፈ ምግብ የሚበሉ በነፃ የተገኙ ሠራተኞች ናቸው። በባዶ እጅ ብቻ አትንኳቸው፣ ፀጉራቸው ይወጋል።

ስትገዙ የምታስተውሉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ጨው። የቀይ ባሕር ውኃ በሊትር ወደ 40 ግራም ጨው ሲይዝ፣ አብዛኛው አኳሪየም ወደ 35 ነው። እነዚህ እንስሳት ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም፤ የእናንተን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አለማምዷቸው። ሁለተኛ መዳብ። ለዓሣ በሽታ የሚሰጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት ቀንድ አውጣውንም ሸርጣኑንም ይጨርሳል፤ መታከም ያለበት ዓሣ ወደ ሌላ ዕቃ ይውጣ።

ቁጥር መጨመር ያለበት መቼ ነው? ናሳሪየሶቹ ይነግሯችኋል። ምግብ ስትጥሉ ስንቱ እንደወጣ ቁጠሩ። ቀስ ብለው ከወጡና ምግቡ ከተረፈ ሌላ ሁለት መጨመር ትችላላችሁ። ምግቡ አሸዋ ሳይነካ ሁሉም ካለቀና መስታወቱን እየወጡ መፈለግ ከጀመሩ ተርበዋል፤ ትንሽ የሽሪምፕ ቁራጭ ጣሉላቸው። በየሳምንቱ ቁጥራቸው ከቀነሰ ደግሞ አሸዋው ውስጥ የሞተ አለና ፈልጋችሁ አውጡት፣ ሳይበሰብስ።