በሩቅ ወረዳ ሆስፒታል ስለሚሠራው ሰመመን ሰጪ ነርስ

በቀዶ ሕክምና ስለ ዳነ ሰው በተነገረ ጊዜ ምስጋናው ሁሉ ለቀደደውና ለሰፋው ሐኪም ይሰጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሕመምተኛው ራስጌ ሆኖ እስትንፋሱን የሚጠብቅ ሌላ ሠራተኛ መኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ሠራተኛ ሰመመን ሰጪው ነርስ ነው። ከትልልቅ ከተሞች በራቀ ወረዳ ይህን ሙያ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌሊትም ሆነ በዓል፣ ምጥ የጠናባት እናት በመጣች ጊዜ የሚጠራው እርሱ ነው።

ሰመመን ሳይታወቅ በፊት ሕመምተኛው በብርቱ ሰዎች ተይዞ፣ እየጮኸ ይቀደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የኤተር ኃይል በሐኪሞች ፊት ከተገለጠ ወዲህ ግን ይህ ሥቃይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር በጀርባ በሚሰጥ መርፌ የታችኛውን አካል ብቻ ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳየ።

ዛሬ በምጥ ለተቸገረች እናት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይኸው የጀርባ መርፌ ነው። እናቲቱ ሕመሙ ሳይሰማት ነቅታ ትቆያለች፤ የልጇንም የመጀመሪያ ልቅሶ ትሰማለች። «መርፌው ወገብን ይሰብራል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ሆኖም መርፌው የሚገባው ዋናው የጀርባ ነርቭ ካበቃበት ቦታ በታች ነው። አንዳንድ ሰው ለጥቂት ቀን ራስ ምታት ቢሰማው ለነርሱ ይንገር።

የጀርባ መርፌ በማይስማማበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. የተሠራው ኬታሚን የተባለው መድኃኒት በእጅጉ ይጠቅማል። በተገቢው መጠን ሲሰጥ እንደ ሌሎቹ ማደንዘዣዎች እስትንፋስን በቀላሉ አያዳክምምና፣ መሣሪያ በጎደለበት ሥፍራ የተወደደ ነው። ሕመምተኛው ሲነቃ ቢቃዥ ወይም ያልተለመደ ነገር ቢናገር የመድኃኒቱ ጠባይ ነውና፣ ዘመዶች መንፈስ ያዘው ብለው አይደንግጡ።

ሰመመን ሰጪው ሕመምተኛውን ካስተኛ በኋላ ሥራው አበቃ ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ያን ጊዜ ይጀምራል። የልብን ትርታ፣ የደምን ግፊትና በጣት ላይ በሚደረገው መሣሪያ የኦክስጅንን መጠን ያለማቋረጥ ይከታተላል። መብራት ቢጠፋ በእጁ የትርታውን ሥር ይዳስሳል፤ እስትንፋስ ቢደክም በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ነርሱ ብቻውን የማይከለክለው አንድ አደጋ አለ፤ እርሱም በሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጉሮሮው ይከላከልለታል። በሰመመን ጊዜ ግን ይህ ዘብ ይተኛል፤ ከሆድ የወጣው ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያፍን፣ ሊገድልም ይችላል። በምጥ ጊዜ ሆድ ምግቡን ቶሎ አያሳልፍምና አደጋው ይበረታል። «አቅም ይሁናት» ብሎ በስውር አጥሚት ወይም ቅቤ ያለበት ምግብ የሚያጎርስ ዘመድ በፍቅር ይጎዳታል።

ስለዚህ የሚከተሉት ይጠበቁ።

አንደኛ፤ ባለሙያው ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ፣ በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቀላል ምግብ ከ6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከ8 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቁም።

ሁለተኛ፤ በድንገተኛ ሕመም የበላ ሰው ሳያፍር እውነቱን ይናገር። ነርሱ መብላቱን ካወቀ በሌላ ዘዴ ይጠነቀቃል፤ ከተደበቀበት ግን ሊጠነቀቅ አይችልም።

ሦስተኛ፤ የተወሰደ የባህል መድኃኒት፣ ጫት፣ መጠጥ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የቆየ በሽታ ቢኖር ይነገር። የጥፍር ቀለም መሣሪያውን ሊያሳስት ስለሚችል ይወገድ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ብታስረዱ፣ ልጆቹ ማታ በየቤታቸው ይናገሩታል። እናቲቱ ስትበላ ያየ ሕፃንም እውነቱን ለነርሱ በመናገሩ የእናቱን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።