አንዲቱን ተከትለው ሰባት

ስለ ባሕር አደጋ ሲወራ ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ወይ ማዕበል ነው፤ ወይ ጦርነት ነው፤ አለዚያም ከበረዶ ክምር ጋር የተጋጨችው የታይታኒክ ታሪክ ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ታሪክ ግን ከእነዚህ ከአንዱም ወገን አይደለም። ጠላት አልነበረም፤ መድፍ አልተተኰሰም፤ መሪውም ሞተሩም አልተበላሸም። ሆኖም በሰላም ጊዜ፤ በገዛ አገራቸው ዳርቻ፤ አምስት ደቂቃ ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሰባት የጦር መርከቦች ተከታትለው ከዐለት ጋር ተላተሙና በዚያው ቀሩ። 23 መርከበኞችም ሞቱ።

ይህ የሆነው ጳጉሜን 3 ቀን 1915 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1923 መሆኑ ነው። በእኛ አገር እንቁጣጣሽ ሊገባ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ቦታው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፤ በካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚገኘው ሆንዳ ፖይንት ነው። በካርታ ላይ ፖይንት ፔደርናሌስ ተብሎም ይጻፋል። ሌላም ስም አለው፤ የሰይጣን መንጋጋ ይሉታል። ከገደሉ ሥር ከውኃው ወጣ ወጣ ብለው እንደ ጥርስ የቆሙትን ዐለቶች የተመለከተ ሰው ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልወጣለት ይረዳል።

የመርከቦቹ ወገን ዴስትሮየር የሚባለው ነው። ርዝመታቸው 96 ሜትር ያህል፤ ክብደታቸው ወደ 1,200 ቶን የሚጠጋ፤ አራት አራት ጭስ ማውጫ ያላቸው፤ ለጥንካሬ ሳይሆን ለሩጫ የተሠሩ ቀጫጭን መርከቦች ነበሩ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥተው ወደ ሳን ዲዬጎ ያመሩት 14 ሲሆኑ የሁሉም አዛዥ ካፒቴን ኤድዋርድ ዋትሰን ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል በፍጥነት መሄድ ተከልክሎ ስለቆየ ያ ጉዞ ለመርከበኞቹ እንደ በዓል ያለ ነገር ነበር። በሰዓት 20 ኖት፤ ማለትም 37 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጡ የሞተራቸውን ጉልበት እንዲፈትኑ ታዘዋል። ሲመሽም የጦርነት ልምምድ እንዲሆን አንዲቱ በሌላዪቱ ኋላ ተጠጋግታ በአንድ መሥመር ተሰለፉ። ፊት መሪዋ ዴልፊ የምትባለው ነበረች፤ ካፒቴን ዋትሰንም የተሳፈሩት በእርሷ ላይ ነው።

የዴልፊ አዛዥ ሌተና ኮማንደር ዶናልድ ሀንተር ይባላሉ። መንገድ የመምራቱንም ሥራ የያዙት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበሩም፤ እንዲያውም በባሕር ኃይሉ አካዳሚ ይህንኑ ትምህርት ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን፤ የዚያን ምሽት ነገር ያበላሸው አለማወቅ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ታሪኩን ገና አልጀመረውም።

ጭጋግ ዳርቻውን በሸፈነበት ሰዓት መርከብ የት እንዳለች የሚታወቀው በሒሳብ ነበር። ፍጥነቷ ይህን ያህል ነው፤ የሄደችበት ሰዓት ይህን ያህል ነው፤ አቅጣጫዋም ይህ ነው፤ ስለዚህ አሁን እዚህ ቦታ ደርሳለች ይባላል። ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ በመኪና የሚሄድ ሰው ሰዓቱንና ፍጥነቱን ቈጥሮ አሁን ደብረ ብርሃን ደርሻለሁ እንደሚል ያለ ነው። መንገዱ ካልተለወጠ ሒሳቡ ልክ ይሆናል። ባሕር ግን እንደ አስፋልት አይደለም፤ ራሱ ይሄዳል። የዚያን ዕለት ከበስተኋላ የሚገፋ ከባድ ሞገድ ስለነበረ የመርከቦቹ ፕሮፔለር አልፎ አልፎ ከውኃው እየወጣ በከንቱ ይሽከረከር ነበር። የፕሮፔለሩን ዙር እየቈጠረ ይህን ያህል ሄድን የሚል ሰው ካልደረሰበት ደርሻለሁ ማለቱ አይቀርም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ሌላም ምክንያት ያመጣሉ። ከሳምንት በፊት፤ ነሐሴ 26 ቀን፤ ቶኪዮንና ዮኮሃማን ያፈረሰው ታላቁ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር፤ እርሱ የባሕሩን ፍሰት ለውጦት ይሆናል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ይህን ምክንያት አግንነን ልናየው አንወድም። ፍሰቱ በምንም ይለወጥ፤ መለወጡን ማወቂያ መንገድ በእጃቸው ነበረና።

መንገዱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቆየው ዘዴ፤ የባሕሩን ጥልቀት መለካት ነው። ዳርቻው ሲቀርብ ውኃው ስለሚሳሳ የቀረቡ መሆናቸውን ይነግራቸው ነበር። ነገር ግን ለመለካት ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል፤ ፍጥነት ከተቀነሰ ደግሞ የሞተሩ ፈተና ይበላሻል። ስለዚህ አልተለካም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን ባሕር ላይ ባይኖሩም ነገሩን ያወቁት ይመስለናል።

ሁለተኛው መንገድ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ከሆንዳ ጥቂት ወደ ደቡብ፤ ፖይንት አርጌሎ በሚባለው ቦታ፤ የባሕር ኃይሉ የራዲዮ ጣቢያ አቁሞ ነበር። መርከቢቱ በራዲዮ ትጣራለች፤ የጣቢያው ሠራተኛ አንቴናውን እያዞረ ድምፁ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይለይና በዲግሪ ቈጥሮ ይነግራታል። መሣሪያው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ድምፁ የሚመጣበትን መሥመር ያውቃል እንጂ ከመሥመሩ ከየትኛው ጫፍ እንደሚመጣ በራሱ አይለይም፤ ሰሜኑን ደቡብ፤ ደቡቡን ሰሜን ሊያደርገው ይችላል። የዚያን ዕለት ምሽት ጣቢያው አንድ ጊዜ የተገላቢጦሹን ቍጥር ሰጥቶ ከዴልፊ እርማት ተጠይቆ ነበር። ሌተና ኮማንደር ሀንተርም ቀድሞውንም በዚህ አዲስ መሣሪያ ብዙ እምነት አልነበራቸውም፤ ይህ ሲጨመርበት ጭራሽ ናቁት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ጣቢያው ሌላ መልስ ሰጠ፤ 330 ዲግሪ የሚል ነበር። ይኸውም መርከቢቱ ገና ከጣቢያው በስተሰሜን ምዕራብ ናት፤ አላለፈችውም ማለት ነው። ሒሳቡ ግን ጣቢያውን አልፈን ወደ ደቡብ ወርደናል ይላል። ሁለቱ በአንድነት ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ሀንተር የገዛ ሒሳባቸውን መረጡ፤ የጣቢያውንም ቍጥር እንደ ልማዱ የተገላበጠ ነው አሉት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለቀው። መሣሪያው አንድ ጊዜ መሳሳቱ ሁልጊዜ የተሳሳተ አያደርገውም፤ ደግሞም ሁለት ምስክሮች ሲጣሉ ከሚጥመን ጋር ከመወገን በፊት ሦስተኛ ምስክር መጥራት ይቻል ነበር። ሦስተኛው ምስክር ከእግራቸው በታች ያለው ውኃ ነው፤ ቢለኩት ይናገር ነበር። ካፒቴን ዋትሰንም በመሪያቸው ሐሳብ ተስማሙ።

ልክ በ3 ሰዓት ዴልፊ አቅጣጫዋን ለውጣ ወደ ምሥራቅ፤ ወደ 95 ዲግሪ ዞረች። ሐሳባቸው የሳንታ ባርባራን የባሕር መተላለፊያ ለመግባት ነበር። መተላለፊያው ግን ገና ፊታቸው ነው፤ የዞሩት ወደ ገደሉ ነው። ወዲያው ጭጋግ ዋጣቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዴልፊ በ20 ኖት ፍጥነቷ ከዐለቱ ጋር ተላተመች።

የአደጋ ጡሩምባዋን ብታሰማም ከኋላዋ ያሉት በዚያ ፍጥነት ሊቆሙ አልቻሉም። ቀጥላ የነበረችው ኤስ. ፒ. ሊ እሸሻለሁ ብላ ስትታጠፍ ገደሉ ሥር ገባች። ሦስተኛዪቱ ያንግ ለመታጠፍ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ከውኃ በታች ያለ ዐለት ሆዷን ዘረጠጠውና በአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ በጎኗ ተገለበጠች። ዉድበሪ፤ ኒኮላስ፤ ፉለርና ቾንሲ ተከተሉ። ፋራገትና ሶመርስ ዐለቱን ነካ ቢያደርጉም ወደ ኋላ ተስበው ዳኑ። በሰልፉ መጨረሻ የነበሩት ሌሎቹ አምስቱ ግን ምንም አልሆኑም። ከእነዚህ መካከል በራዲዮ የሰሙት ቍጥር ጥርጣሬ ስላሳደረባቸው አስቀድመው ፍጥነታቸውን የቀነሱ ነበሩ። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ከሞቱት 23 ሰዎች 20ዎቹ የያንግ፤ ሦስቱ የዴልፊ ናቸው። በያንግ ከታች በሞተርና በቦይለር ክፍል የነበሩት መውጫ አላገኙም። ከላይ የነበሩትን አዛዣቸው ሌተና ኮማንደር ዊሊያም ካልሁን ወደ ባሕር እንዳይዘሉ፤ ከመርከቢቱ እንዳይለዩ አዘዟቸው። ሰዎቹ በጨለማ፤ ነዳጅ በፈሰሰበትና በሚያንሸራትተው የመርከቢቱ ጎን ላይ ተለጥፈው፤ የመስኮቶቹን መስተዋት እየሰበሩ መያዣ አበጁ። ቾንሲ ቀጥ ብላ እንደቆመች ከእነርሱ 100 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች። አርተር ፒተርሰን የተባለ የያንግ መርከበኛ ገመድ ይዞ በዚያ ሞገድና በዚያ ነዳጅ ውስጥ ዋኝቶ ቾንሲ ደረሰ። በገመዱ ላይ የነፍስ ማዳኛ ታንኳ ወዲያና ወዲህ እየተጐተተች 11 ጊዜ ተመላለሰች፤ 70 ሰዎችም በእርሷ ተሻገሩ። በአቅራቢያው በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞችም ጩኸቱን ሰምተው በገደሉ ጫፍ ደረሱ፤ ሰዎቹን በገመድ እየሳቡ አወጡ፤ እሳት አንድደውም አሞቋቸው። የሞቱት በመቶ የሚቈጠሩ ያልሆኑት በመሣሪያ ብዛት ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች ነው።

ከዚያ በኋላ ምርመራው መጣ። በአድሚራል ዊሊያም ፕራት ሊቀ መንበርነት የተሰየመው ጉባኤ ነገሩን በሳን ዲዬጎ መረመረ፤ 11 መኰንኖችም በጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ። ካፒቴን ዋትሰን በምስክርነታቸው ኃላፊነቱ በሙሉ የእርሳቸው መሆኑን ተናገሩ እንጂ በሀንተርም፤ በራዲዮ ጣቢያውም፤ በጃፓኑም መናወጥ አላመካኙም። ይህን ጠባያቸውን የጠሉአቸው እንኳ አመስግነውላቸዋል። ፍርድ ቤቱም ዋትሰንንና ሀንተርን በቸልተኝነት ጥፋተኞች አድርጎ የማዕርግ ተራቸውን ዝቅ አደረገው። የኒኮላስ አዛዥም ተፈርዶባቸው ነበር፤ ፍርዱ በኋላ ተሰረዘ። የቀሩት በነጻ ተለቀቁ። ካፒቴን ዋትሰን ወደ ሃዋይ ተልከው ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1929 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጡ።

ለእኛ ይልቅ የሚያሳስበን ነጻ የወጡት ሰዎች ጉዳይ ነው። የተከተሉት የስድስቱ መርከቦች አዛዦች ጥፋታቸው ምንድር ነው? መሪያችሁን ተከተሉ ተብለው ነበር፤ ተከተሉ። በጨለማ ተጠጋግተው ከተሰለፉት 14 መርከቦች አንዲቱ በገዛ ፈቃዷ ብትወጣ ከሌላዪቱ ጋር ልትጋጭ ትችላለች። ደግሞስ ታናሹ መኰንን አስተማሪ የነበሩትን ሰው በምን አፉ ተሳስተዋል ይላቸዋል? ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ፍርድ ቤቱም የተቀበለው ይመስላል። የባሕር ሕግ ግን ከጥንት ጀምሮ ሌላ ነገርም ይላል፤ እያንዳንዱ አዛዥ ለገዛ መርከቡ ኃላፊ ነው። መሪ ስላለው ኃላፊነቱ ወደ መሪው አይዛወርም።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ነገሮች የሚጣሉት ሰው ሲያጣላቸው ነው። ከሰልፍ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። 330 የሚለው ቍጥር በአየር የሚሄድ እንደመሆኑ መስሚያውን የከፈተ ሁሉ ይሰማዋል። ሰምቶ በገዛ ካርታው ላይ አንድ መሥመር ማስመር ሕግ መጣስ አይደለም፤ መሥመሩ ከሒሳቡ ጋር አልገጥም ሲል ወደ መሪዪቱ አንድ አጭር መልእክት መላክም አመፅ አይባልም። የኋለኞቹ ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ማንንም አልገፉም፤ ማንንም አላዋረዱም። ይህ ብቻ መርከቦቻቸውን ለማዳን በቃቸው። ሌሎቹ በየመርከባቸው ውስጥ ካርታ ነበራቸው፤ መሪው ያውቃል በሚል እምነት ግን ካርታውን እንደተጠቀለለ ያህል አደረጉት። በየቢሮው የበላይ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ሳያነብ የሚያሳልፍ ጸሐፊም ከዚህ የራቀ አይመስለንም፤ የእርሱ ዐለት ቶሎ ስለማይታይ ብቻ ነው።

ከዐለቱ ላይ የቀሩት ሰባት መርከቦች ሊድኑ የሚችሉ አልሆኑም። ለመንግሥት በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ያስወጡት መርከቦች ስብርባሪያቸው በ1,035 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም ለሰባቱም የተከፈለ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፤ በ1929 እ.ኤ.አ.፤ ግራፍ ዜፔሊን የተባለችው የአየር መርከብ ዓለምን ስትዞር በዚያ በኩል ስታልፍ በተነሣው ፊልም ላይ ስብርባሪው ገና ይታይ ነበር። ዛሬ ቦታው በቫንደንበርግ የጦር ሠፈር ክልል ውስጥ ስለሆነ ሰው እንደፈለገ አይገባበትም። በአቅራቢያዋ ባለችው በሎምፖክ ከተማ፤ ለቀድሞ ወታደሮች መታሰቢያ በተሠራው ቤት ደጅ ግን የዴልፊ ፕሮፔለር ቆሟል። ከባሕር ወጥቶ በከንቱ ሲሽከረከር ሰዎቹን ደርሰናል ያሰኛቸው አንዱ ይኸው ነው።