«ጅማት በጅማት ተተካ»፦ ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞከረውን የሕዋስ ሕክምና በአማርኛ ስለ ማስረዳት

የጉልበት ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተተካ በኋላ ቶሎ እንዲጸና ለማገዝ የሕዋስ ሕክምና በመሞከር ላይ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ሕክምናውን በአማርኛ ስናስረዳ «ጅማት»፣ «ግንደ ሕዋስ» እና «ዳነ» የተባሉት ቃላት የሚፈጥሩትን ብዥታ ያብራራል። ጉዳዩ የስያሜ ብቻ አይደለም፤ ታካሚው የሚፈርምበት የስምምነት ቅጽ የሚጻፈው በእነዚሁ ቃላት ነው።

1. ጅማት

የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ በራሱ እምብዛም አይገጥምም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ መካከል ስለሚገኝ ጫፎቹን የሚያገናኝ የረጋ ደም አይጸናም። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከታካሚው ከራሱ አካል፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ወይም ከቋንጃ፣ ሌላ ጅማት ወስደው በአጥንቶቹ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ያሳልፉታል።

የተበጠሰው ጅማት አጥንትን ከአጥንት ያያይዝ ነበር፤ የተተከለው ግን ጡንቻን ከአጥንት ያያይዝ የነበረ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ጅማት» ናቸው፤ የበገና አውታርም በዚሁ ስም ይጠራል። «ጅማት በጅማት ተተካ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሥራው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ያለቀ ያስመስለዋል። በእርግጥ ግን በተከላው ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ከዚያም አዳዲስ የደም ሥሮችና ሕዋሳት ይገቡበታል፤ በመጨረሻም ተከላው ቀስ በቀስ የተበጠሰውን ጅማት ዓይነት ባሕርይ ይይዛል። ዴቪድ አሚየልና ባልደረቦቹ በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን ለውጥ «ሊጋመንታይዜሽን» ብለውታል። ለውጡ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ በመካከሉም ተከላው የሚደክምበት ጊዜ አለ። «ተተካ» የተባለ ታካሚ ያለጊዜው ቢሮጥ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ «የአጥንት ጅማት» እና «የጡንቻ ጅማት» ብሎ መለየት ይበጃል። ያን ጊዜ «የጡንቻው ጅማት ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ጅማትነት ይለወጣል» ማለት ይቻላል።

2. ግንደ ሕዋስ

በሕክምናው ከአጥንት መቅኔ ወይም ከስብ የተወሰዱ ሕዋሳት በተከላው ላይ ወይም በአጥንቱ ቀዳዳ ውስጥ ይደረጋሉ። «ግንደ ሕዋስ» የሚለው ስያሜ በቋንቋ ረገድ የተዋጣለት ነው። ኤርንስት ሄከል በ1868 እ.ኤ.አ. «ሽታምጸለ» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ሲጠቀም ያሰበው የትውልድ ሐረግን ነበር፤ የእኛም «የዘር ግንድ» ይህንኑ ያስታውሳል።

ችግሩ ያለው በዚሁ ስኬቱ ላይ ነው። ግንድ የተባለ ነገር ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ይጠበቃል፤ ሰሚውም ሕዋሱ አዲስ ጅማት ይወልዳል ብሎ ይረዳል። በ1991 እ.ኤ.አ. «ሜሰንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም ያስተዋወቁት አርኖልድ ካፕላን በ2017 እ.ኤ.አ. ስሙ እንዲለወጥ ጠይቀዋል። ምክንያታቸው፣ እነዚህ ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ በዋናነት የሚሠሩት ራሳቸው አዲስ ሥጋ በመሆን ሳይሆን ለአካባቢያቸው ሕዋሳት ምልክት የሚሰጡ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት ነው የሚል ነበር። ስለዚህ በስምምነት ቅጽ ላይ «ከመቅኔ የተወሰዱ ሕዋሳት» ብሎ ምንጫቸውን መግለጽ ይበልጥ ታማኝ ነው።

3. ዳነ

አማርኛ እዚህ ላይ ባለጸጋ ነው። አጥንት ይገጥማል፣ ቁስል ይጠግጋል፣ ሕመምተኛ ያገግማል። «ዳነ» ግን ሁሉንም ያጠቃልላል፤ የነፍስን መዳን እንኳ ይጨምራል። «ሕዋሱ ጉልበቱን ያድናል» የሚለው አባባል ጥናቱ ያልሰጠውን ተስፋ ይሰጣል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አበረታች ውጤት አሳይተዋል፤ በሰዎች ላይ የተደረጉት ግን አነስተኛና ውጤታቸው የተለያየ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ችግሮች ያጸደቀው የግንደ ሕዋስ ምርት እንደሌለ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን አገላለጽ እናቀርባለን፦ «ከመቅኔዎ የሚወሰዱት ሕዋሳት የተተከለው የጡንቻ ጅማት ከአጥንቱ ጋር ቶሎ እንዲገጥም ያግዙ እንደሆነ ገና እየተጠና ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ይላል። ይሁን እንጂ ምን ከየት እንደሚወሰድ፣ ምን እንደሚታሰብና ምን ገና እንዳልተረጋገጠ ለያይቶ ያሳያል። ታካሚው «እሺ» ወይም «አልፈልግም» ለማለት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።